ዘጠኝ ስንዝር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ጡረታ ከወጣሁ ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ። አለቃዬ ለስንብት የሰጠችኝን ደብተር ዛሬ ገለጥኩት። "ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስትሰፊ ኖረሻል፣ እስቲ አሁን ደግሞ ወሬሽን ስፊ" ብላኝ ነበር። ምን ወሬ አለኝና? ይሁን እስቲ።

ጠዋት ቤት ጠረግኩ። ጎረቤቴ መጥታ የምተውላትን ትልቁን ድስት ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። "አይ፣ ምን አስቸኮለኝ፣ ስትሄጂ እወስደዋለሁ" ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከድስቱ አይነቀልም። ልጄ ወዳለበት አገር ልሄድ ሃያ ሁለት ቀን ቀረኝ። እዚያው ልኖር። ክፍል አዘጋጅቶልኛል። አሥራ አምስት ዓመት ዓይኑን ሳላይ…

ለዚያች ክፍል መጋረጃ እየሰፋሁ ነው። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ጨርቅ። መስኮቱ እስከ ወለል ይወርዳል አለኝ በስልክ።

"ቁመቱ ስንት ነው?"

"ዘጠኝ ስንዝር።"

"አንተ! መስታወት ገጣሚ ሆነህ፣ ሜትር ኪስህ ውስጥ ተቀምጦ፣ በስንዝር ትለካለህ?"

"ሜትሩ የአሠሪዬ ነው። ላንቺ የምለካው አንቺ ባስተማርሽኝ ነው።"

ሳቅን። ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት መጥቶ ስፌት ክፍላችን ጠረጴዛ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሜትር በጠፋ ቁጥር፣ የማይጠፋበት ቀን ደግሞ አልነበረም፣ "ና፣ እጅህን አምጣ" እለዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው መዳፍ ለመዳፍ ገጠምን። እኩል። አለቃዬ "በቃ፣ ሁለት ሜትር አገኘን" አለች።

በዚህ እሁድ አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ዘጠኝ ስንዝር ለክቼ፣ ለእጥፋት ጨምሬ ቆርጫለሁ። አሁን የታችኛው ጫፍ ቀርቶኛል። በር ተንኳኳ። ባለ ድስቷ መሆን አለባት…


ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ባለ ድስቷ አልነበረችም።

ዘጠኝ ቀን ሆነኝ ከላይ ያለውን ካቆምኩ። ልጻፍ? ልተወው? እጄ ሌላ የሚሠራው አጣ። ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

መቀሱን እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩ። ታናሽ ወንድሜ። ከኋላው አለቃዬ። ከእሷ ኋላ ሁለት ጎረቤቶች። ወንድሜ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሥራ ነው። አለቃዬ ስፌት ክፍሉን ለማንም ትታ አትወጣም። ተቀመጡ አልኳቸው፣ ማንም አልተቀመጠም።

"ምነው?" አልኩ።

"ደህና ነው፣ ደህና ነው" አለ ወንድሜ። ስለ ማን? እኔ መቼ ስለ ሰው ጠየቅኩ?

አለቃዬ ጠጋ አለችና መቀሱን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደች። ያን ጊዜ አወቅኩ።

ዓርብ ዕለት ነው። ከባልደረባው ጋር ትልቅ መስታወት ይዘው ደረጃ ሲወጡ። "ቆይ፣ ላስቀምጠው" አለ አሉ። ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ እሱም ተቀመጠ። ልቡ ቆመ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። መስታወቱ አልተሰበረም።

ስፌት ክፍል ውስጥ ነገር ሲጠፋ ምን እያልኩ ነበር የምምለው? "ልጄ ይሙት፣ መርፌሽን አላየሁም።" "ልጄ ይሙት፣ ክሩን አልወሰድኩም።" ስለ መርፌ! ስለ ክር! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሱ ማልኩ። አምላኬ፣ የሰማኸኝ አፌን ነው ወይስ ሆዴን? ለምን ሆዴን አልሰማህም?

ሐሙስ ቀበሩት። የመግቢያ ወረቀቴ ከጥቅምት 20 በፊት አያስገባም። ምራቴ በስልክ "እማማ፣ ላስቆየው? ወይስ ልላክልዎ?" አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። "አታጉላሉት። እዚያው ይረፍ። እኔ እመጣለሁ" አልኳት። የቀብሩ ዕለት ስልኩን ክፍት አድርጋ ያዘችልኝ። ምንም አላየሁም። የጠጠር ድምፅ ብቻ… ብዙ ጫማ በጠጠር ላይ ሲሄድ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ጠጠሩ። ሲመለሱ መሆን አለበት።

ወንድሜ "አሁን ማን ጋ ብለሽ ነው የምትሄጂው?" ይለኛል።

"ልጄ ጋ።"

 ደግሞ "ሰው ምራት ቤት ይጦራል እንዴ?" አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው። የመግቢያ ወረቀቱ የሦስት ወር ነው፤ ከደረስኩ በኋላ የመኖሪያውን የሚፈርምልኝ ልጄ ነበር። ስለዚህ የመመለሻ ትኬት ተቆረጠልኝ፣ ለጥር 22። አፈሩን አይቼ፣ የልጅ ልጄን አይቼ፣ እመለሳለሁ። በቃ።


ጥቅምት 14፣ ዓርብ

መጋረጃውን ጨረስኩ። የጀመርኩትን ሥራ ጥዬ አላውቅም።


ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ትናንት ደረስኩ።

ምራቴን በአካል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። በስልክ ግዙፍ ሴት ትመስለኝ ነበር። ቀጭን፣ አጭር ልጅ ናት። የልጄን ጃኬት ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጦ ያልፋል። እኔ ጮኼ ላለቅስ ተነስቼ ነበር። ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ዋጥኩት። እሷ አላለቀሰችም። "እንኳን ደህና መጡ እማማ" አለችና ሻንጣዬን ተቀበለችኝ።

የልጅ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"እግርም አለሽ እንዴ?"

ምን ታድርግ፣ ስልክ ውስጥ የምታውቀው ፊቴን ብቻ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ ከሞተ የመጀመሪያ ሳቄ። አፈርኩ።


ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አራተኛ ፎቅ ነን። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ሁሉ ነገር በልኬ። አልጋው ዝቅ ያለ፣ ጉልበቴን አስቦ። ከመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛ፣ በላዩ የስፌት መኪና። ያገለገለ ነው፤ ዘይቱን ግን ጠጥቷል። መዘውሩን አንዴ ባዞረው ሰተት አለ። የመጋረጃውን ዘንግ ራሱ ነው የሰቀለው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካኋቸው። ስድስት ናቸው።

መጋረጃውን አውጥቼ ወንበር ላይ ወጣሁ።

"እማማ፣ ይወድቃሉ! ይውረዱ፣ እኔ ልስቀለው!"

"ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ስሰቅል ነው የኖርኩት።"

ሰቀልነው። ወርጄ፣ ራቅ ብዬ አየሁት።

አጠረ።

ከወለሉ አንድ ስንዝር ከምናምን ተንጠልጥሎ ቀረ። እንደሚመዘዝ ጎረምሳ ሱሪ።  "ምንም አይልም እማማ፣ ያምራል" ትላለች። እንዴት ምንም አይልም? የኔ አንሶላ አጥሮ ያውቃል? የስንቱን በሽተኛ እግር ስሸፍን ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ መስኮት… በራሴ ስንዝር መስኮቱን ለካሁት። አሥር አለፈ። እሱ ደግሞ ዘጠኝ ነው ያለው። የመስታወት ሠራተኛ መስኮት ይስታል? ወይስ እኔ በስልክ አሳስቼ ሰማሁ? የለም፣ ዘጠኝ ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ።

ልጅቷ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ በክፍተቱ ወደ ውጭ ታያለች። "ይሄ ለኔ ነው የተተወው" አለች።


ኅዳር 1፣ ሰኞ

መቃብሩ ጋ ወሰደችኝ።

ጠጠሩን አወቅኩት። ከበሩ ጀምሮ ጠጠር ነው። ጫማዬ ሲነካው ያ የስልኩ ድምፅ… እዚያው ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ። ምራቴ በብብቴ ገብታ ደገፈችኝ። ከመጠኗ ይልቅ ጉልበቷ!

"እማማ፣ ሳይመጡ ስለቀበርነው ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔ አይደለሁም እንዴ ቅበሩት ያልኩሽ?"

"ቢሆንም።"

ድንጋዩን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገችው። አሁንም አላለቀሰችም። እኔ አፈሩ ላይ ተደፍቼ የሆዴን ነገርኩት። እዚህ አልጽፈውም።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ምራቴ ብረት ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታነሳለች። ቤት ስትገባ "ደህና ዋሉ እማማ?" ትላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ልጅቷን ታስተኛለች። ስለ እሱ አንዲት ቃል አይወጣትም። ወይ አልወደደችው… ምን እያልኩ ነው? ይቅር በለኝ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። እኔ ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ። ምን ሆኛለሁ ማለት ነው? ቆርቆሮ? ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ስታነሳ ውላ፣ ማታ ደግሞ እኔን?

ስለዚህ ሳትነሳ እነሳለሁ፣ ሳትጠይቀኝ እሠራለሁ። ዛሬ አምስት ካልሲ ጠቀምኩ። ሁለቱ ቀዳዳ አልነበራቸውም።


ኅዳር 12፣ ዓርብ

የጃኬቱ እጅጌ ሾርባ ውስጥ ገባ።

"ላሳጥርልሽ ልጄ?"

"ይቅር እማማ።"

የበሩ እጀታ ላይም እየተያዘ ይጎትታታል። እንዴት አይሰለቻትም?


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ልጅቷን ወደ ሕፃናት ማቆያ የማደርሳት እኔ ሆኛለሁ። ከበሩ ወደ ግራ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ መሻገር፣ ከዚያ ሁለት ፌርማታ በአውቶቡስ። ሦስት ቃል ተምሬያለሁ፦ ሰላም፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ። ሾፌሩን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አልኩት። ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ልጅቷ በመንገዱ ሁሉ ታሳየኛለች።

"ያን መስኮት አባዬ ነው የገጠመው።"

"እሺ።"

"ያንንም አባዬ ነው።"

"ጎበዝ ነዋ።"

"የዳቦ ቤቱንም። የአውቶቡሱንም። የዚያን የሰውዬውን መነጽርም።"

"ስንቱን ገጠመው በይ!"

"ሁሉንም።"

ብቻዬን ስመለስ ቀና ብዬ መስኮቶቹን አየሁ። የትኞቹ ይሆኑ የእውነት የሱ? ስለማላውቅ ሁሉንም ተሰናብቼ ገባሁ።


ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ደብዳቤ መጣ። ምራቴ አንብባ ነገረችኝ። መኖር ከፈለግኩ እስከ ጥር 15 መሥሪያ ቤቱ ቀርቤ መናገር አለብኝ፤ በልጄ ፋንታ እሷ መፈረም ትችላለች። ካልሆነ በትኬቴ እመለሳለሁ።

ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "እንግዲህ እርስዎ እንደፈቀዱ ነው እማማ።"

እንደፈቀድኩ! ይህ የሰው ንግግር ነው? "ይቆዩ" አላለችም። "ይሂዱ"ም አላለችም። ቆዪ ካላለችኝ ደግሞ እንዴት ልቆይ እላለሁ?

ወንድሜ ደወለ። "ክብርሽን ይዘሽ ነይ። ሳትሸኚ ውጪ" አለኝ። እሱም ደህና ነው። ድስቱም ደህና ነው።

ግን ልጄ እዚህ ነው። ጠጠሩ እዚህ ነው። ጠዋት እጄን የምትይዘኝ ልጅ እዚህ ናት… ይሄን ለማን ልንገር?


ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ጥፋት ሠራሁ።

ዛሬ ሞቅ ስላለ ምራቴ ጃኬቱን በር ኋላ ሰቅላ ሥራ ሄደች። ሦስት ጊዜ "ላሳጥርልሽ" ብያት ሦስት ጊዜ "ይቅር እማማ" ብላኛለች። ይሉኝታ ነው አልኩ። እኛ "ይቅር" ስንል "እስቲ ጨምረሽ ለምኚኝ" ማለታችን አይደል? መቼ ነው ሰው በመጀመሪያው እሺ ያለው? ደስ ላሰኛት ብዬ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ሳላጨማድድ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ሰፋሁት። ስጨርስ በሥራዬ ኮራሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ኮራሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ገባች። ቀዝቅዞ ነበርና ልጅቷን ለማምጣት ጃኬቱን አንስታ ለበሰች። እጆቿ ወጡ። ጣቶቿ በሙሉ። ቆማ አየቻቸው።

"ምን አደረጉት?"

"አሳጠርኩልሽ። ይኸው አሁን ልክሽ ሆነ።"

"ልኬን ማን ጠየቀ!" አለች። ጮኸች። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ። "ልኬ እንዲሆን መቼ ፈለግኩ? የሱ ልክ ነበር እኮ! እጄን ስከተው የሱ እጅ… የሱ እጅ ውስጥ ያለሁ ነበር የሚመስለኝ! ቆረጡት! እማማ፣ ቆረጡት!"

ወለሉ ላይ ዘፍ አለችና አለቀሰች። የሁለት ወር ሙሉውን። ብረት ያልኳት ልጅ… ዓይኔ ይጥፋ።

አጠገቧ ወረድኩ። ጉልበቴ ጮኸ። "አልቆረጥኩትም። አፈር ስሆን፣ እይኝ። የሰው ልብስ ሳይፈቀድልኝ ምላጭ አላስነካም። አጠፍኩት ብቻ። ክር ነው የያዘው። ክር ብቻ ነው ልጄ።"

እጅጌውን ገልብጬ አሳየኋት። ክሩን መተርተር ጀመርኩ። እኔ ስተረትር እሷ ጫፉን ይዛ ታለቅሳለች። እኔም የዋጥኩት ሁሉ መጣ። ሁለተኛው እጅጌ ጋ ስንደርስ እሷ ራሷ መርፌውን ተቀበለችኝና ተረተረች። መልሳ ለበሰችው። ጣቶቿ ተሸፈኑ። እፎይ አለች።

"እኔ እኮ" አለችኝ፣ "ከእርስዎ ፊት ላለማልቀስ ነበር። እናቱ እያሉ እኔ ምን ብዬ…"

"እኔ ደግሞ አትወጂውም ብዬሽ ነበር።"

አየችኝ። ከዚያ በእንባዋ ውስጥ ሳቀች። "ምን ዓይነት አማት ነው የላከብኝ!"

ልጅቷን ረስተናት! ሁለታችንም ሮጥን። ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ደረስን። ሞግዚቷ ተቆጣችን። እኔ በማላውቀው ቋንቋ ስትወርድብን ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔ ሦስቱንም ቃሎቼን ተጠቀምኩ።


ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ የደረሰብኝን ነገር እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ትናንት ጃኬቱን ስገለብጥ ከውስጥ ኪሱ አንድ ጓንት ወድቆ ነበር። የሥራ ጓንት፣ የቀኝ እጅ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው አደርኩ። ጠዋት እጄን ከተትኩበት። ከጣቶቼ ጫፍ በኋላ ባዶ ጨርቅ ቀረ። ምን ያህል ትልቅ ነው! አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ነበር መዳፍ የገጠምነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ሲሄድ ሻንጣ ይዞ ነበር፣ እጁን መች አየሁት? በልቤ ያ እጅ እዚያው ቆሞ ኖሯል። እኩያዬ ሆኖ።

ቀና ስል መጋረጃው።

ጓንቱን አውልቄ በእጄ ዘረጋሁት፣ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣት። "ነይ!" ብዬ ተጣራሁ። ምራቴ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ቡና ስኒዋን እንደያዘች መጣች።

"ከዘንጉ ጀምሪ። በዚህ ልኪው።"

"በጓንት?"

"በጓንት። ቁጠሪ።"

ወንበር ላይ ወጥታ ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት… ወረደች። ስድስት። ሰባት። ተንበረከከች። ስምንት። 

ዘጠኝ። የጓንቱ ጣት ወለሉን ነካ። ልክ። ፀጉር እንኳ አያስገባም።

አልተሳሳተም። ልጄ አልተሳሳተም። እኔም አልተሳሳትኩም። እሱ የኔ እጅ አብሮት ያደገ መስሎት፣ እኔ የሱ እጅ ያላደገ መስሎኝ…

ሁለታችን ወለሉ ላይ ቀረን። ከመጋረጃው ሥር ብርሃን ገብቶ ጓንቱ ላይ አርፏል።

"ጨርቅ ፈልገን እናስረዝመው?" አለችኝ።

"አይነካም። እንዲህ ይሁን።"

 ከዚያ ወለሉን እያየች "እማማ፣ በጥር እውነት ሊሄዱ ነው?"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ እንዴት ልጠይቅዎ? ልጅዎን እዚህ አስቀርቼ፣ አሁን ደግሞ እርስዎን ልያዝ?"

"እኔስ እንዴት ልጠይቅሽ? ባልሽ በሌለበት ቤት አማትሽን ጡሪኝ ልበልሽ?"

ተያየን።

"ለሁለት ይሉኝታ ይሄ ቤት ይጠባል" አልኳት። "የአንዳችንን አውጥተን እንጣል።"

"የእርስዎን እንጣል። የርስዎ ቀዳዳ የሌለውን ካልሲ ሳይቀር ይሰፋል።"

ልጅቷ ነግራት ነው ወይስ ራሷ አየችው? የካልሲውን ነገር አውቃለች ማለት ነው።

"ይቆዩልኝ" አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔም በመጀመሪያው እሺ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።


ጥር 6፣ ረቡዕ

መሥሪያ ቤቱ። ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠች ባለ መነጽር ሴት። ልጅቷ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ወደኔ ዞረች፤ "አዎ፣ እሱንም አባትሽ ነው የገጠመው" አልኳት።

አስተርጓሚው በስልክ ነው። ወንድ፣ ደክሞት የሚናገር። ፊቱን አላየሁም።

"እናቴ፣ ሥራዎ ምንድነው ይላሉ።"

"ጡረተኛ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነበርኩ።"

"እዚህ መኖር ለምን ይፈልጋሉ ይላሉ።"

በልቤ አዘጋጅቼ የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ። "ልጄ ክፍል አዘጋጅቶልኝ ነበር። ሳልደርስ ሞተ። መቃብሩ እዚህ ነው። ልጁን ጠዋት የማደርሳት እኔ ነኝ። ሚስቱ ይቆዩልኝ ብላኛለች። ሌላ የለኝም።"

ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ተቋረጠ እንዴ?

"ነፍስ ይማር እናቴ" አለ ሰውየው። ድካሙ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ለሴትዮዋ በቋንቋዋ ነገራት። እኔ ካልኩት ይረዝማል። ምን እንደጨመረበት እሱ ያውቃል።

ምራቴ ፈረመች። የእጅጌው ጫፍ ቀለም ነካ።

በመንገድ ሁሉ ያ ሰው የማያውቀውን ልጄን "ነፍስ ይማር" ማለቱ አብሮኝ ሄደ። አንድ ሸክም ከትከሻዬ ያነሳልኝ ያህል። ለምንድነው እንዲህ ያቀለለኝ?


ጥር 19፣ ማክሰኞ

ተፈቀደ። ወንድሜ "እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ደህና ሁኚ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ምራትሽን ሰላም በያት።" ከሱ ይሄ ብዙ ነው።


ጥር 22፣ ዓርብ

አውሮፕላኑ ሄደ። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር።


የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ማክሰኞ የሥራ ቀኔ ሆኗል። ምራቴ የምትሠራበት መጦሪያ እየሄድኩ የአረጋውያኑን ልብስ እጠግናለሁ። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የላላ ላስቲክ። ቋንቋቸውን ገና አላውቅም፤ ክር ማስገባት ግን ቋንቋ አይፈልግም። አንዲት ባልቴት በየሳምንቱ ያንኑ ቁልፍ በጥሳ ታመጣልኛለች። ራሷ እንደምትበጥሰው አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። እሰፋላታለሁ፣ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። "በር ተንኳኳ" ይላል። መቀስ ይዛ ልትከፍት የተነሳችው ያቺ ሴትዮ አሳዘነችኝ። ቆይ፣ ጫፉን ጨርሺው፣ ትንሽ ቆይተሽ ክፈቺ ልላት ወደድኩ።

ጠዋት ብርሃን ወደ ክፍሌ የሚገባው መጀመሪያ ከታች ነው፣ በመጋረጃውና በወለሉ መካከል። ልጅቷ ትመጣና በሆዷ ትተኛለች። እኔም አንዳንዴ ጉልበቴ ሲፈቅድልኝ ወርጄ እጄን እዘረጋለሁ። የኔ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ትንሽ ትርፍ። እኔ ሳላይ ያደገው ይኸው ነው። ከእግሬ ሥር ስለሆነ በየቀኑ አየዋለሁ።

ይሄን ለራሴ ብቻ ነበር የጻፍኩት። ግን ደብተር ከጻፈው ሰው ይልቅ ይቆያል። አንድ ቀን ይህን የገለጠ ሰው ካለ፣ ጽሕፈቴ ቢወላገድም ይታገሠኝ። ማዘን አያስፈልገውም። መስኮቱን ሲከፍት ወይ መስታወት ሲወለውል አንዴ ቆም ይበልና፣ የያዘውን ሳይሰብር አስቀምጦ የሄደውን ልጄን "ነፍሱን ይማር" ይበልልኝ። ከማያውቁት አፍ የወጣ ጸሎት እንዴት እንደሚያቀል አይቻለሁና ነው የምለምነው።